አንድ ንጹህ ዙር፦ ለጀማሪ የታይም አታክ ተወዳዳሪ ዝርዝር መመሪያ

በታይም አታክ ውድድር ማንንም ቀድሞ መስመር ማለፍ አይጠበቅብዎትም። ተፎካካሪዎ ሰዓቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ከሚነዷቸው ዙሮች መካከል ፈጣኑ አንዱ ብቻ ይመዘገባል፤ ደረጃዎም በእሱ ይወሰናል። ይህ ዓይነቱ ውድድር የጎለበተው በጃፓን ነው። በዚያ የሚገኘው የጹኩባ ትራክ ርዝመቱ 2,045 ሜትር ብቻ ሲሆን፣ የመንገድ መኪናውን አሻሽሎ ለሚመጣ አማተር ከ1 ደቂቃ በታች መግባት ለብዙ ዓመታት የብቃት መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአውስትራሊያ ሲድኒ የተጀመረው ዓለም አቀፍ ውድድር ደግሞ ስሙን በየአገሩ አዳርሶታል። አማተሮች የሚሳተፉበት ቀን ከእነዚህ ትልልቅ መድረኮች ያነሰ ቢሆንም አሠራሩ ያው ነው።

ለጀማሪ ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው አንድ ነገር አለኝ፤ ፈጣን ዙር የሚገኘው በሙከራ ብዛት ነው። ጉልበቱ መካከለኛ የሆነ፣ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሳይሞቅና ሳይበላሽ የሚሮጥ መኪና ደጋግሞ የመሞከር ዕድል ይሰጣል። በሦስተኛው ዙር ውሃው የሚፈላ ባለ 400 የፈረስ ጉልበት መኪና ግን አብዛኛውን ቀን ኮፈኑን ከፍቶ ሲቀዘቅዝ ይውላል። ስለዚህ የገንዘቡም የጊዜውም ቅደም ተከተል ይህ ይሁን፦ ፍሬን፣ ማቀዝቀዣ፣ ጎማ፣ አሽከርካሪ፤ ጉልበት በመጨረሻ።

መጀመሪያ ደንቡ፣ ከዚያ መፍቻው

መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት የአዘጋጁን የደንብ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ያንብቡ። መኪናዎች በምድብ ይከፈላሉ። መለያው የሞተር መጠን፣ ኃይሉ የሚተላለፍበት ጎማ (የፊት፣ የኋላ ወይም አራቱም)፣ የተፈቀደው የጎማ ዓይነት፣ የክንፍ መጠንና የመኪናው ክብደት ሊሆን ይችላል። አንዲት ዕቃ መለወጥ ብቻዋን ወደ ከፍተኛው ምድብ ልትወስድዎት ትችላለች። ለምሳሌ ብዙ ደንቦች በጎማው ጎን ላይ የታተመውን የትሬድዌር ቁጥር፣ ማለትም ጎማው ቶሎ አለማለቁን የሚያሳየውን ቁጥር፣ እንደ ድንበር ይጠቀሙበታል፤ 200ና ከዚያ በላይ የተጻፈበት ጎማ በአንድ ምድብ፣ ከዚያ የሚያንስ ለስላሳ ጎማ በሌላ። የተሳሳተ ጎማ ገዝቶ ከባለሙያዎች ጋር መመደብ የሚያበሳጭ ኪሳራ ነው።

የድምፅ ገደቡንም ይመልከቱ። በዴሲቤል የተቀመጠ ጣሪያ ያለው ትራክ ብዙ ነው፤ ማርሚታውን አውልቆ የመጣ መኪና አንድ ዙር ሳይነዳ ሊመለስ ይችላል። የመኪናዎን የኢንሹራንስ ውልም ያንብቡ፤ በትራክ ላይ የሚደርስን ጉዳት የማይሸፍን ውል የተለመደ ነው።

ፍሬን

በመንገድ ላይ ፍጹም የሚመስል ፍሬን በትራክ ላይ በሁለት ዙር ሊከዳ ይችላል፤ ምክንያቱም ሥራው ሌላ ነው። 1,300 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት ከ180 ኪሎ ሜትር ወደ 80 ሲወርድ ፍሬኑ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ኃይል 1.3 ሜጋ ጁል ገደማ ነው። ይህ 4 ሊትር የሚጠጋ ውሃን ከ20 ዲግሪ አንስቶ እስከ መፍላት የሚያደርስ ሙቀት ነው፤ ያውም በአንድ ኩርባ መግቢያ፣ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ። ዙሩ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ አራት ወይም አምስት ጊዜ ይመጣል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ በአራት እጥፍ እንደሚጨምርም ያስታውሱ።

ከፍሬን ዘይቱ ይጀምሩ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት በሳበ ቁጥርም የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። በደረጃው መሠረት ዶት 4 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ይችላል፤ እርጥበት ከገባበት በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛው 155 ብቻ ነው። ዶት 5.1 ደግሞ 260ና 180 ነው። ለትራክ ተብለው የሚሸጡ ዘይቶች ከዚህም በላይ ይችላሉ። የትኛውንም ይምረጡ፣ ከውድድሩ በፊት ባሉት ቀናት ሙሉ በሙሉ ይለውጡትና አየሩን ያስወጡ። ዶት 5 የሚባለው በሲሊኮን የተሠራው ዘይት ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፤ በቁጥሩ መመሳሰል አይሳሳቱ።

ቀጥሎ ሸራው። ለትራክ የተሠራ የፍሬን ሸራ ከፍ ያለ ሙቀትን ይችላል፤ በምትኩ ሲቀዘቅዝ ደካማ ነው፣ ይጮኻል፣ ዲስክም ይበላል። ለጀማሪ ሁለቱንም የሚያቻችል መካከለኛ ሸራ በቂ ነው። አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር መለማመድ አለበት። ከመካከለኛ ፍጥነት ደጋግመው፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ፣ ጠንከር አድርገው ይርገጡ፤ ከዚያም ሳይረግጡ እየነዱ ያቀዝቅዙት። ይህ ሳይደረግ ትራክ ላይ የገባ ሸራ ዲስኩ ላይ ተለጣጥፎ መሪውን ያንቀጠቅጣል።

ፍሬን ሲከዳ በምን እንደከዳ መለየት ይማሩ። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው የማይቆም ከሆነ ሸራው ከአቅሙ በላይ ሞቋል። ፔዳሉ እየላላ ወደ ወለሉ የሚወርድ ከሆነ ዘይቱ ፈልቷል፤ በመስመሩ ውስጥ እንፋሎት አለ ማለት ነው። በሁለቱም ሁኔታ ፍጥነት ይቀንሱና ወደ ፒት፣ ማለትም ከትራኩ ዳር ወዳለው የመኪናዎች ማቆሚያና መጠገኛ፣ ይመለሱ። ሁለተኛው ግን ዘይቱ ሳይለወጥ ተመልሶ መግባትን አይፈቅድም፤ ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ የተስተካከለ ቢመስልም እምነት አይጣልበትም።

ሙቀትና ዘይት

ራዲያተሩ ንጹህ፣ ክዳኑ ጥብቅ፣ የጎማ ቱቦዎቹ ያልተሰነጠቁ መሆን አለባቸው። ከሁሉ በላይ ግን የሞተር ዘይት ሙቀት መለኪያ ያስገጥሙ። በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የውሃ ሙቀት መለኪያ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ችግሩ ከደረሰ በኋላ ነው። ዘይቱ 130 ዲግሪ ሲያልፍ ፈጣን ዙሩን አቋርጦ ማቀዝቀዝ ለአብዛኞቹ መኪናዎች ጥሩ ልማድ ነው። ይህ ገደብ ቶሎ ቶሎ የሚደረስ ከሆነ ቀጣዩ ግዢ የዘይት ማቀዝቀዣ ራዲያተር ይሁን።

ሌላው የተደበቀ አደጋ ዘይቱ ከመምጠጫው መሸሹ ነው። ረጅም ኩርባ ላይ ጥሩ ጎማ ያለው መኪና ሲዞር ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ያለው ዘይት ወደ አንድ ጎን ይተኛል፤ ፓምፑም አየር ይመጥጣል። ሞተር የሚሞተው በዚያች ቅጽበት ነው። ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ይሙሉት፤ ከየክፍለ ጊዜው (ትራክ ላይ ከሚነዱበት ከእያንዳንዱ ተራ) በኋላም ይለኩት። ጎማዎ እየተሻሻለ ሲሄድ ዘይቱን በቦታው የሚያቆይ መከለያ ያለው ኮፓ ያስፈልግዎታል። የዘይት ግፊት መብራት ኩርባ ላይ ለቅጽበት ብልጭ ካለ ነዳጅ መስጫውን ለቀው ይውጡ፤ “ሴንሰሩ ይሆናል” ብሎ መቀጠል ሞተር ያስገዛል።

ነዳጅም እንደዚሁ ይሸሻል። ታንኩ ከሩብ በታች ሲሆን ብዙ መኪናዎች ኩርባ ላይ ይንተፈተፋሉ። በሌላ በኩል 40 ሊትር ቤንዚን 30 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ለክፍለ ጊዜው የሚበቃውን ያህልና ሩብ ታንክ መጠባበቂያ ይዞ መግባት ሚዛናዊ ነው።

ጎማና ንፋሱ

ለሰዓቱ ከጎማ የበለጠ የሚያመጣ አንድም ዕቃ የለም። ሞተሩም ፍሬኑም መሪውም ሥራቸውን የሚሠሩት ጎማው መንገዱን በሚነካባት በዚያች ትንሽ ቦታ በኩል ነው። ሆኖም የመጀመሪያ ውድድርዎን በጥሩ የመንገድ ጎማ ቢጀምሩ እመርጣለሁ፤ የመንገድ ጎማ ሊከዳ ሲል በጩኸት ያስጠነቅቃል። ለስላሳው የትራክ ጎማ ብዙ ሳይጮኽ ይይዛል፤ ሲለቅ ግን ድንገት ነው።

የጎማ ንፋስ በቀዝቃዛው ብቻ ተለክቶ አይተውም። በ20 ዲግሪ 2.0 ባር የነበረ ጎማ ውስጡ ያለው አየር 80 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 2.6 ባር ይወጣል። ዋናው ቁጥር የሞቀው ጎማ ንፋስ ነው። ለመንገድ የተፈቀዱ ብዙ የትራክ ጎማዎች ሲሞቁ ከ2.1 እስከ 2.4 ባር አካባቢ ጥሩ ይሠራሉ፤ የጎማዎን አምራች ምክር ግን ያስቀድሙ። ግብዎ 2.2 ከሆነ በዚያው ስሌት ሲቀዘቅዝ ከ1.7 አካባቢ መጀመር አለብዎት። ከፈጣን ዙር እንደወጡ፣ ጎማው ሳይቀዘቅዝ፣ አራቱንም ይለኩና ትርፉን ያስተንፍሱ። በየክፍለ ጊዜው ይህን ይድገሙ፤ ፀሐይ ወጥታ አስፋልቱ ሲሞቅ ቁጥሩም ይለወጣል። ማታ ጎማው ሲቀዘቅዝ ንፋሱ በጣም ወርዶ ስለሚገኝ ወደ ቤት ከመንዳትዎ በፊት ይሙሉት።

የጎማው ገጽም ይናገራል። መርፌ ያለው የሙቀት መለኪያ ካለዎት ጎማውን በውስጥ ጠርዙ፣ በመሐሉና በውጭ ጠርዙ ይለኩ። መሐሉ ከሁለቱ ጠርዞች የሞቀ ከሆነ ንፋሱ በዝቷል። ሁለቱ ጠርዞች ከመሐሉ ከሞቁ አንሷል። የውጭ ጠርዙ ብቻውን ከሞቀ ጎማው ኩርባ ላይ ወደ ውጭ እየተንከባለለ ነውና ከላይ ወደ ውስጥ የማዘንበል ልኩ፣ ካምበር የሚባለው፣ መጨመር አለበት። መለኪያ ከሌለዎት ከመግባትዎ በፊት በጎማው ትከሻ ላይ በጠመኔ መስመር ያስምሩ፤ ሲወጡ ጠመኔው እስከ የት እንደተፋቀ ያያሉ።

ጉልበትና ክንፍ

የቱርቦ ግፊት መጨመር ቀላልና ማራኪ ነው፤ ግን የጨመሩት ጉልበት ሁሉ ሙቀት ሆኖ ወደ ራዲያተሩ፣ ወደ ዘይቱና በቀጥታው መንገድ መጨረሻ ወደ ፍሬኑ ይመጣል። የሞተሩን ኮምፒውተር የሚያስተካክልልዎትን ባለሙያ ለትራክ መሆኑን ይንገሩት። ለአንድ አጭር ፍጥነት የተስተካከለ ሞተር ሳያቋርጥ ሲሮጥ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለጊዜው መፈንዳት ይጀምርና ፒስተኑን ይቆረቁረዋል። ማስተካከያው የተሠራበትን የኦክቴን ደረጃ የያዘ ነዳጅም ይዘው ይሂዱ።

ክንፍን በተመለከተ አጭር ምክር አለኝ። የአየር ግፊት የሚያድገው በፍጥነት ካሬ ነው፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የማይሰማ ክንፍ በ120 አራት እጥፍ ይጫናል። ከኋላ ትልቅ ክንፍ ሰቅሎ ከፊት ምንም ካልጨመሩ ፈጣኑ ኩርባ ላይ የፊት ጎማዎቹ መሪውን መስማት ያቆማሉ። ሁለቱን አብረው የማያደርጉ ከሆነ ሁለቱንም ይተዉት።

እርስዎና መቀመጫዎ

ሄልሜት ለመኪና ውድድር የተሠራ ይሁን። ስኔል የተባለው ተቋም ኤስኤ ብሎ የሚያጸድቀው ሄልሜት እሳትን መቋቋሙም ይፈተሻል፤ ኤም የሚለው የሞተር ሳይክል ደረጃ ይህ ፈተና የለበትም። ብዙ አዘጋጆች ኤስኤን ብቻ ይቀበላሉ፤ ዓመተ ምሕረቱም ይታያል።

ቀበቶን በተመለከተ አንድ አደገኛ ልማድ አለ። ተራ መቀመጫ ላይ ባለ አራት ነጥብ የውድድር ቀበቶ ብቻ መግጠም ደኅንነትን አይጨምርም። ቀበቶው ትከሻን አጥብቆ ሲይዝ አንገት ብቻውን ይወረወራል፤ መኪናው ቢገለበጥና ጣሪያው ቢወርድ ደግሞ አካልዎ ዝቅ የሚልበት መንገድ አይኖረውም። የውድድር ቀበቶ፣ የውድድር መቀመጫ፣ ከመገልበጥ የሚከላከል የብረት ማዕቀፍና የአንገት መከላከያ አብረው የሚገጠሙ አንድ ስብስብ ናቸው። ስብስቡ እስኪሟላ ድረስ መኪናው የመጣበትን ቀበቶ ይጠቀሙ።

አቀማመጥዎ ይህን ይምሰል፦ ትከሻ ከመደገፊያው ሳይለቅ የእጅ አንጓ መሪው አናት ላይ ይረፍ፤ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ሲረግጡም ጉልበት ትንሽ እንደታጠፈ ይቅር።

ሳምንቱና ዋዜማው

መኪናውን በክሪክ አንሥተው በካቫሌቶ ላይ ያሳርፉና ከሥር ይዩት። የሚያንጠባጥብ ነገር፣ የላላ ቴስቲና፣ ድምፅ ያለው ኩሽኔታ፣ የተቀደደ ጎሚኒ ይፈልጉ። ባትሪው በእጅ ሲነቀነቅ የሚነቃነቅ ከሆነ አይለፍ፤ የቴክኒክ መርማሪዎችም መጀመሪያ የሚነኩት እሱን ነው። መጎተቻ መንጠቆው መኖሩንና በትክክል መግባቱን ያረጋግጡ። ከተፈቀደ ትርፍ ጎማውንና የኋላ መቀመጫውን ያውጡ።

የሚይዙት ዕቃ ብዙ አይደለም፦ የቶርክ መፍቻ፣ የራስዎ የጎማ ንፋስ መለኪያ፣ ክሪክና ካቫሌቶ፣ የሞተር ዘይት፣ አዲስ ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት፣ ውሃ፣ ትርፍ የፍሬን ሸራ፣ ጠንካራ ማጣበቂያ ቴፕ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ ለጎማ ማገጃ የሚሆን ጉማጅ፣ ማስታወሻ ደብተር። ለራስዎም የሚጠጣና የሚበላ። ውሃ ያጣ አሽከርካሪ ከሰዓት በኋላ ይዝላል፤ ይህንንም ብዙውን ጊዜ ራሱ አያስተውለውም።

ዋዜማውን የትራኩን ካርታ ይዘው ይቀመጡ። ከጋቢናው የተቀረጹ ቪዲዮዎች ካሉ ይመልከቱ። ኩርባዎቹን በቁጥራቸው ያጥኑ፤ ከሁሉ በላይ ግን ከረጅሙ ቀጥታ መንገድ በፊት ያለው ኩርባ የትኛው እንደሆነ ይወቁ። ፈጣኑን ዙር የሚሠራው እሱ ነው፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጠዋት፦ ምርመራና ገለጻ

ቀድመው ይድረሱ። መኪናውን ባዶ ያድርጉት፤ ወለል ላይ የሚንከባለል ጠርሙስ ፍሬን ፔዳል ሥር ሊገባ ይችላል። የወለል ምንጣፉንም ያውጡ። የመወዳደሪያ ቁጥርዎን ይለጥፉ፣ የሰዓት መመዝገቢያ ትራንስፖንደሩን በተባለው ቦታ ይግጠሙ፣ ለምርመራ ይሰለፉ።

በአሽከርካሪዎች ገለጻ ላይ ስልክዎን ያስቀምጡ። መቅደም የሚፈቀድበት ቦታ፣ የፒት መግቢያና መውጫ፣ ቀስ ብሎ የሚነዳ መኪና የትኛውን ጎን መያዝ እንዳለበት የሚነገረው እዚያ ነው፤ ከትራክ ትራክም ይለያያል። ባንዲራዎቹ ግን በአብዛኛው ተመሳሳይ ናቸው። ቢጫ አደጋ አለ ማለት ነው፤ ፍጥነት ይቀንሱ፣ አይቅደሙ። ቀይ ሲወጣ ሩጫው ቆሟል፤ በዝግታ ወደ ፒት ይመለሱ። ቢጫና ቀይ መስመር ያለበት መንገዱ ላይ ዘይት ወይም ውሃ እንዳለ ይነግራል። ሰማያዊ ፈጣን መኪና ከኋላ መድረሱን ያመለክታል። ጥቁር ከመኪናዎ ቁጥር ጋር ከታየ ወደ ፒት ተጠርተዋል፤ በጥቁሩ ላይ ብርቱካናማ ክብ ካለ መኪናዎ ላይ ብልሽት ታይቷል። ባለ ጥቁርና ነጭ ዳማው ክፍለ ጊዜው አበቃ ማለት ነው። በመጀመሪያው ዙርዎ ባንዲራ ያዦቹ የት የት እንደቆሙ ፈልገው ይለዩ።

ክፍለ ጊዜዎቹን ማከፋፈል

ቀኑ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በሚወስዱ ጥቂት ክፍለ ጊዜዎች ይከፈላል። በመጀመሪያው ሰዓት አይፈልጉ። መስመሩን ይማሩ፣ ፍሬን የሚረግጡበትን ቋሚ ምልክት ይምረጡ። ምልክቱ የርቀት ሰሌዳ፣ የአስፋልት ጥገና ወይም የአጥር ምሰሶ ሊሆን ይችላል፤ ጥላ ግን አይሁን፣ ከፀሐይ ጋር ይሄዳል። በሁለተኛው ፍጥነቱን ይጨምሩ፤ የፍሬን ምልክትዎን በጥቂት ሜትሮች ብቻ እያስጠጉ ይሞክሩ። በሦስተኛው ማጥቃት ይችላሉ።

የአየሩንም ሁኔታ ያስቡ። አየር በ10 ዲግሪ ከ30 ዲግሪ ይልቅ በ7 በመቶ ገደማ ይወፍራል፤ ሞተሩ ያን ያህል ብዙ ኦክስጅን ያገኛል። በጹኩባ ታላላቆቹ ሰዓቶች በክረምት ብርድ የሚሞከሩትም ለዚህ ነው። ነገር ግን ገና በማለዳ አስፋልቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጎማው ቶሎ አይሞቅም። አየሩ ገና ሳይሞቅ አስፋልቱ ግን ፀሐይ የመታው ያ ረፋድ ለብዙ መኪናዎች ምርጡ ጊዜ ነው። ስለዚህ ትልቁን ሙከራ ለመጨረሻው ክፍለ ጊዜ አያሳድሩት፤ ያን ጊዜ ጎማውም አሽከርካሪውም ደክመዋል።

ፈጣኑ ዙር

ክፍለ ጊዜው በሦስት ዓይነት ዙሮች ይሠራል፤ ማሞቂያ፣ ማጥቂያ፣ ማቀዝቀዣ። በማሞቂያው ዙር ፍሬኑን ቀጥታው መንገድ ላይ ጠንከር እያደረጉ ይርገጡ፤ ጎማውንም በእርጋታ እየጨመሩ ይጫኑ። ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ መስታወትዎን እያዩ ከፊትዎ ካለው መኪና ርቀት ይፍጠሩ። በፈጣን ዙርዎ መሐል ሌላ መኪና ላይ መድረስ ያን ዙር ያበላሻል።

ዙሩ የሚጀምረው ከመነሻው መስመር በፊት ነው፤ የመጨረሻውን ኩርባ ሲወጡ ያገኙት ፍጥነት ቀጥታውን መንገድ ሙሉ ይከተልዎታል። ማሞቂያውን ዙር እየሳቡ መጥተው መስመሩ ላይ ሲደርሱ ብቻ የሚያፋጥኑ ከሆነ ዙሩን ሳይጀምሩ ተበልጠዋል።

ብዙ ጀማሪ ሰዓት የሚፈልገው ፍሬኑን አዘግይቶ በመርገጥ ነው። በስሌት እንየው። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር እየመጡ ለ80 ኪሎ ሜትር ኩርባ ፍሬኑን 5 ሜትር አዘግይተው ቢረግጡ፣ ሁሉም ነገር ቢሳካ የሚያተርፉት 0.1 ሰከንድ ገደማ ነው። ከኩርባው ሲወጡ በተገኘ ትንሽ ፍጥነት ምክንያት ግን በ500 ሜትር ቀጥታ መንገድ ላይ አማካይ ፍጥነትዎ ከ140 ወደ 143 ቢያድግ ሩብ ሰከንድ ያልፋል፤ የፍሬኑም አደጋ የለበትም። ስለዚህ ከረጅሙ ቀጥታ መንገድ በፊት ባለው ኩርባ በቂ ያህል ቀንሰው ይግቡ፣ የኩርባውን የውስጥ ጫፍ ዘግየት ብለው ይንኩ፣ መሪውን እየፈቱ ነዳጅ መስጫውን ቀድመው ይክፈቱ። መለኪያው ቀላል ነው፤ ነዳጅ ሰጥተው መልሰው መልቀቅ ከነበረብዎት ቀድመው ሰጥተዋል።

ጎማ ያለው አቅም አንድ ነው። ሙሉውን ለፍሬን ከተጠቀሙበት ለመሪ የሚቀር የለም። ዋናውን ፍሬን ቀጥ ብለው ሳሉ ይርገጡ፤ መሪውን ባዞሩ መጠን እግርዎን ከፔዳሉ ላይ ቀስ እያሉ ያንሡ። እጅም እግርም አይደንግጥ። ዓይንዎ ደግሞ እጅዎን ይቅደም፤ ፍሬን እየረገጡ ሳለ የኩርባውን ውስጥ፣ ውስጡን እየነኩ ሳለ መውጫውን ይመልከቱ።

ለስላሳ ጎማ ምርጥ አቅሙን የሚሰጠው ለአንድ ወይም ለሁለት ዙር ብቻ ሊሆን ይችላል። አንድ ወይም ሁለት ፈጣን ዙር ይንዱ፣ ከዚያ ሙሉ ዙር ያቀዝቅዙ። በማቀዝቀዣው ዙር ከፈጣኑ መስመር ወጥተው በመስታወት እያዩ ለሌሎች መንገድ ይልቀቁ፤ በሚቀጥለው ዙር እርስዎም ይህንኑ ይፈልጋሉ።

በፒት ውስጥ

ሲገቡ የእጅ ፍሬን አይሳቡ። የጋለ ሸራ በጋለ ዲስክ ላይ ተጭኖ ከቆመ ዲስኩ ላይ አሻራውን ይተዋል። ማርሽ ውስጥ አስገብተው ጎማውን በጉማጅ ያግዱ። ቱርቦ ያለው መኪና ቆሞ ሳለ ሞተሩ ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ለአጭር ጊዜ ይዙር፣ ከዚያ ይጥፋ፤ ኮፈኑ ይከፈት። ራዲያተሩን ግን በሙቀቱ አይክፈቱ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የጎማ ሙቀትና ንፋስ፣ ምክንያቱም በየደቂቃው ይለወጣሉ፤ ከዚያ የጎማ ዳዶዎቹን በቶርክ መፍቻ አምራቹ ባዘዘው ልክ፤ ከዚያ የሸራው ውፍረት፣ ዘይት፣ ከሥር የሚያንጠባጥብ ነገር። በመጨረሻ ደብተሩ። የአየሩን ሙቀት፣ ንፋሱን ሲቀዘቅዝና ሲሞቅ፣ ምርጥ ሰዓትዎን፣ መኪናው በየትኛው ኩርባ ምን እንዳደረገ ይጻፉ።

ማስተካከያ ካስፈለገ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ። የፊት ጎማዎቹ መሪውን አልሰማ ካሉ የፊቱን ስታቢላይዘር (መኪናው ኩርባ ላይ ወደ ጎን እንዳያጋድል የሚይዘውን ዘንግ) ማላላት ወይም የኋላውን ማጠንከር ይረዳል፤ ኋላው የሚሸሽ ከሆነ ተቃራኒውን። ሁለት ነገር አብረው ለውጠው ሰዓቱ ከተሻሻለ የትኛው እንደረዳዎት አያውቁም። አሞርዛተርን ከመንካትዎ በፊትም ችግሩ ከአነዳድዎ አለመሆኑን ይጠይቁ፤ በፍጥነት አብዝቶ በመግባት የሚመጣን የፊት መንሸራተት የትኛውም ብሎን አያስተካክለውም።

ሰዓትን በስልክ የሚመዘግቡ ከሆነ ገደቡን ይወቁ። በሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ ቦታን የሚያነብ ስልክ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር በንባቦቹ መካከል 50 ሜትር ይዘላል። በሰከንድ 10 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚያነብ ውጫዊ መቀበያ ኩርባን ከኩርባ ለማነጻጸር ያስችላል፤ ከብዙ የሞተር ዕቃዎች የበለጠ የሚጠቅም ግዢ ነው።

ነገር ሲበላሽ

ሁለት ጎማ ከአስፋልቱ ከወጣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ ፍጥነቱ እስኪበርድ በዚያው ይሂዱ፣ ከዚያ በዝግታ ይመለሱ። በድንጋጤ ወደ ውስጥ መጠምዘዝ መኪናውን ትራኩን አቋርጦ ወደ ማዶው አጥር ይወረውረዋል። መኪናው ከዞረና መመለስ እንደማይችል ከታወቀዎት ፍሪሲዮኑንና ፍሬኑን አብረው እስከ መጨረሻ ይርገጡና እስኪቆም አይልቀቁ፤ የቆመ መኪናን ሌሎች አይተው ያልፉታል፣ ወደ ኋላ የሚንከባለልን ግን መገመት አይችሉም።

ትራክ ላይ ከቆሙና እሳት ከሌለ ቀበቶዎን ሳይፈቱ ሠራተኞቹ እስኪደርሱ ይጠብቁ። ጭስ ወይም የዘይት ሽታ ካዩ፣ ወይም ግፊት ከወረደ፣ ከፈጣኑ መስመር ወጥተው ባንዲራ ያዥ አጠገብ ይቁሙ። ወደ ፒት ለመድረስ ሲሉ ዘይት እያፈሰሱ ግማሽ ዙር መንዳት ከኋላዎ የሚመጡትን ሁሉ ለአደጋ ያጋልጣል።

ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ

መኪናው በደንብ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ጎማዎቹን ወደ መንገድ ልካቸው ይሙሉ፣ ዳዶዎቹን እንደገና ይጥበቁ፣ የሸራውን ውፍረት ይመልከቱ፣ ፔዳሉ ጠንካራ መሆኑን ከፒት ሳይወጡ ይሞክሩት። ከተጠራጠሩ መኪናው ተጭኖ ይሂድ። በሚቀጥሉት ቀናት የሞተር ዘይቱን ይለውጡ፤ አሮጌውን ሲያፈስሱ በንጹህ ጨርቅ ያጥሉትና የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካለ ሞተሩ ሳይከፈትና ሳይመረመር ለሚቀጥለው ውድድር አይመዝገቡ።